ጥሩምባ የሚሰማበት ቤት

ባለፈው ቅዳሜ የኢኮኖሚክስ መግቢያ መምህራችን ለክፍሉ አንድ ጥያቄ አቀረቡ። ቤት ልትከራዩ ብትነሡ፣ ገና ደላላ ሳታናግሩ፣ «ይኼ ከሌለው አልገባም» የምትሉት ነገር ምንድን ነው? አሉን። እኔ ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ልጆቼን አሳድጌ ከጨረስኩ በኋላ ቅዳሜና እሑድ ለመማር ተመዝግቤ ዘንድሮ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ፤ የክፍል ጓደኞቼ አብዛኞቹ ከመጨረሻዋ ልጄ ያንሳሉ። በየተራ መለሱ። አንዱ ዋይፋይ አለ። አንዷ ሊፍት አለች፤ ትንሽ አሰብ አድርጋ ደግሞ «የሚሠራ ሊፍት» ብላ አረመች። ቂሊንጦ ፋብሪካ የሚሠራው ልጅ፣ የሠራተኛ ሰርቪስ በሩ ላይ የሚቆምለት ቤት ከሆነ ሌላውን ሁሉ እንደሚተው ተናገረ። እኔም እጄን አወጣሁ፤ ጥያቄ ተጠይቆ እጄን ሳላወጣ መቀመጥ አይሆንልኝም። «ጥሩምባ የሚሰማበት» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። መምህሩ ልጅ እግር ግን ሥርዓት ያላቸው ሰው ናቸውና፣ «እትዬ ዘነበች፣ እስቲ ያስረዱን» አሉኝ። ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ደንግጬ ስለነበር ከመሃል ጀምሬ መጀመሪያው ላይ ጨረስኩ። ማንም እንዳልገባው ከፊታቸው አየሁ። ስለዚህ አሁን በወጉ ልጻፈው።

ጊዜው የትኛው መንግሥት እንደሄደና የትኛው እንደመጣ ሰው ገና በደንብ ያልለየበት ነበር። እኔ የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ሻይ በሠላሳ አምስት ሳንቲም ይጠጣ ነበር፤ ሳምቡሳው ከሻይ ይረክስ ነበር፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያዘዘ ሰው ደግሞ ደመወዝ እንደተቀበለ ይታወቅበት ነበር። ከአቃቂ እስከ ሳሪስ አቦ የምንሄደው ውይይት በምንላቸው ታክሲዎች ነው። ተሳፋሪው በሁለት ረዣዥም አግዳሚዎች ላይ ፊት ለፊት ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ስለሚቀመጥ፣ ሳሪስ እስኪደርስ የማይተዋወቅ አልነበረም። እኔ በሃያ ዓመቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ሽመና ክፍል ገብቼ ነበር። ፈረቃችን ሲያልቅ የጥጡ ብናኝ ፀጉራችን ላይ ተቀምጦ ሁላችንም ባንድ ቀን የሸበትን እየመሰልን እንወጣ ነበር። ትከሻው ስፖንጅ ያለው ሹራብ የመጣው ያኔ ነው። የኔው ሮዝ ነበር፤ አንደኛው ስፖንጅ ወደ ደረቴ እየወረደ ስላስቸገረኝ ግራ ትከሻዬን ከፍ አድርጌ መሄድ ለምጄ ነበር። ዛሬም ፎቶ ስነሣ ልጄ፣ «እማዬ፣ ትከሻሽን አውርጂ» ትለኛለች።

የምንኖረው አቃቂ ባቡር ጣቢያ አካባቢ፣ ከአንዲት ባልቴት ጋር በአንድ ግቢ ተከራይተን ነበር። አንድ ቀን ባልቴቲቱ መጥተው ልጃቸው ከክረምት በፊት ሊያገባ ስለሆነ ቤቱን እንድንለቅ በትሕትና ነገሩን። ትሕትናው ሳምንት አልቆየም፤ የሙሽራው አልጋ ተገዝቶ መጣና ግቢው ውስጥ ላስቲክ ለብሶ ቆመ። ጠዋት ፊታችንን ስንታጠብ አልጋው ያየናል።

አባቴ ደምሴ ባቡር ጣቢያ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ስለነበር ያለ እቅድ መንቀሳቀስ አይወድም። ማታ እራት ከተበላ በኋላ ሰበሰበንና፣ ደላላ ከመጥራታችን በፊት ምን ዓይነት ቤት እንደምንፈልግ እንወስን አለ። የራሱን አስቀደመ። በጣም ረጅም ነበር፤ የዚያ ቤት በር ደግሞ ለእሱ አልተሠራም። ስንት ዓመት ሙሉ በሩ ላይ ያለው እንጨት ግንባሩን እየመታው ሲገባም ሲወጣም «አምላኬ!» ስለሚል፣ ጎረቤት ጸሎተኛ ሰው ነው ይለው ነበር። ስለዚህ እሱ የፈለገው በሩ ከፍ ያለ ቤት ነው። እኔ መስኮቱ ወደ መንገድ የሚከፈት አልኩ።

«ለምን?» አለ አባቴ።

«አየር እንዲገባ።»

«የትኛው አየር? ያ በብስክሌት የሚመላለሰው?»

ትከሻዬን አስተካከልኩ። እናቴ በላይነሽ ተራዋ ሲደርስ፣ «እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አለች። «የእድሩ ጥሩምባ የሚሰማበት ይሁን። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።»

ለክፍል ጓደኞቼ ያላስረዳሁት ይኼን ነው። ዛሬ የኛ እድር ሰው ሲሞት በቴሌግራም ይነግረናል፤ አንዳንዱ አባል ሳያነብ በአውራ ጣቱ የደስታ ምልክት ልኮ ይቀጣል። ያኔ ግን መርዶውን የሚነግረን የኦቦ ቱሉ ጥሩምባ ነበር። ኦቦ ቱሉ አቃቂ ከተማ ሳይሆን ማሳ በነበረበት ጊዜ ከነበሩት ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ናቸው። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀምረው ጥሩምባቸውን እየነፉ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋሉ። ዙራቸው የሚያበቃው ወፍጮ ቤቱ ጋ ነው። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ከሄደ ሄደ፣ ካልሄደ ቀረ። ቀብር የቀረ አባል ይቀጣል፤ ጥሩምባው ወደማይሰማበት ቦታ የተዛወረ ደግሞ ከእድሩ ይሰናበታል። ደንቡ ይኼው ነበር። እናቴ የእድሩን ድንኳንና ድስቶች ለዓመታት የያዘች ሰው ናት። የማን ለቅሶ ላይ ስንት ሰው እንደመጣ፣ ማን ወጥ እንዳሳረረ ታውቃለች።

«ስንቱን ቀብሬ» አለች ያን ምሽት፣ «የኔ ተራ ሲደርስ የማላውቀው ሰው ይቅበረኝ?»

«ተራሽ መቼ ደረሰ?» አለ አባቴ። «ገና አርባ አምስት ዓመትሽ ነው!»

«ሞት ዕድሜ ይጠይቃል?»

በዚሁ ተወሰነ፤ የአባቴ በርና የኔ መስኮት ቢገኝ ጥሩ፣ ጥሩምባው ግን የግድ።

ደላላችን ካሳሁን ይባላል። በዚያ ሙቀት ኮቱን የማያወልቅ፣ ኪሱ ላይ እስክሪብቶ የሚሰካ፣ ወረቀት ግን ይዞ ያላየሁት ሰው ነበር። መጀመሪያ ወደ ወንዙ ዳር አንድ ቤት ወሰደን። «እትዬ በላይነሽ፣ የዚህ ቤት ጸጥታው ልዩ ነው» አለ እጁን እያፍተለተለ። «እንኳን ሰው ውሻ አይጮህበትም። ምንም ነገር አይሰሙም!» እናቴ ደጃፉን ሳትረግጥ ተመለሰች። ካሳሁን ምን እንዳጠፋ ስላልገባው በመንገድ ላይ ነገርነው። በማግስቱ ሌላ ቤት አሳየን፤ ገና ከሩቁ በደስታ ይጮሃል። «ይኼማ ጆሮ ይበጥሳል! በዚህ በኩል ብረት ቤት አለ፤ ቀኑን ሙሉ ይቀጠቅጣል። በዚያ በኩል ግሮሰሪ አለ፤ ቴፑ አይዘጋም!»

«ታዲያ በዚህ ሁሉ ጩኸት መሃል ጥሩምባው በየት በኩል ሊሰማኝ ነው?» አለች እናቴ።

ካሳሁን ላቡን ጠረገ። «እትዬ፣ እኔ የማከራየው ቤት ነው። ጆሮ አላከራይም።»

ሦስተኛው ቤት ከድልድዩ ማዶ ነበር። አባቴ በሩን ሲያይ ቆመ፤ ቀስ ብሎ ገባ፤ ተመልሶ ወጣ፤ ደግሞ ገባ። አንድም ጊዜ አምላኩን አልጠራም። መስኮቱም ወደ መንገድ ነበር፤ መንገዱም ለብስክሌት የሚመች። ካሳሁን የኛን ፊት አይቶ፣ «ጥሩምባውማ እዚህ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው፤ ወንዙ ድምፅ ያመጣል» ብሎ በእናቱ ማለ። እናቴ ግን ገና በሩ ላይ ቆማ፣ «በጆሮዬ ሳልሰማ እግሬን አላስገባም» አለች። ከወፍጮ ቤቱ እስከዚያ ድረስ ያለውን ርቀት በዓይኗ እየለካች ነበር። እኔም ለካሁት፤ ደስ አላለኝም።

ወደ ኦቦ ቱሉ ሄድን። ጥሩምባቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ነው የሚያስቀምጡት። እናቴ ለሙከራ አንዴ ብቻ ወፍጮ ቤቱ ጋ ቆመው እንዲነፉላት ለመነች።

«ጥሩምባ ያለ ሬሳ አይነፋም» አሉ ኦቦ ቱሉ።

«ለሙከራ ነው እኮ፣ ኦቦ ቱሉ።»

«ሞት ሙከራ የለውም፣ እትዬ።»

ስለዚህ ሰው እስኪሞት መጠበቅ ግድ ሆነ። እግዜር ይቅር ይበለን፤ ማንም እንዲሞት አልተመኘንም፤ ጠበቅን ብቻ። ግን ያን ሰሞን ሰፈሩ ውስጥ ሰው መሞቱን ተወ። ጉንፋን እንኳን ጠፋ። አልጋ ላይ የነበሩ አሮጊቶች ተነሥተው በርበሬ ማስጣት ጀመሩ። ታመው የተኙት የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ወርቁ ብቻ ነበሩ። ቤታቸው ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ ከፋሲካ ጀምሮ አልተነሡም። አባቴ ብርቱካን ይዞ ጠየቃቸው። መልካም ነገር ነው፤ ጎረቤት ናቸው። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ሄደ። በሦስተኛውም ሄደ። ማታ ሲመለስ እናቴ፣ «እንዴት ናቸው?» ትለዋለች፤ እሱም ኮቱን እየሰቀለ፣ «ደህና ናቸው፤ ሾርባ ጠጡ» ይላል፤ ሁለቱም ይተክዛሉ። የሙሽራው አልጋ ላይ ያለው ላስቲክ ደግሞ ሌሊት በነፋስ እየተንኮሻኮሸ አላስተኛ አለን።

በመጨረሻ ጋሽ ወርቁ ራሳቸው ጠየቁት። «ደምሴ፣ ለስንት ዓመት ጎረቤቴ ስትሆን እንዲህ ተመላልሰህ ጠይቀኸኝ አታውቅም። ሐኪሙ ለኔ ያልነገረኝን ላንተ ነግሮሃል?»

አባቴ መዋሸት አይችልም ነበር። ብርቱካኑን እያገላበጠ ሁሉንም ነገራቸው። በሩን፣ መስኮቱን፣ ድልድዩን፣ ጥሩምባውን። ጋሽ ወርቁ ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ ሳሉ፤ ደግሞ ሳቁ።

«እና እኔን ነው የምትጠብቁት!»

«እረ በስመ አብ! ጋሽ ወርቁ፣ እርስዎን ብቻ አይደለም!» አለ አባቴ።

«ቱሉን ጥራልኝ። በኔ ስም ይነፋዋል። እኔም ስሞት ማን እንደሚመጣ ማን እንደሚቀር በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።»

ሊቀመንበር ሲያዝ ኦቦ ቱሉም እምቢ አላሉም፤ ቀኑ ተቆረጠ። እሑድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ገብቶ ቁርሱን ከበላ በኋላ፣ ጥሩምባው ወፍጮ ቤቱ ጋ አንዴ ይነፋል፤ ስም አይጠራም። አባቴ መነፋቱን ሊያይ እዚያ ቀረ። እናቴና እኔ ከካሳሁን ጋር ድልድዩን ተሻግረን ወደ ቤቱ ሄድን። መስማት ያለባት ግቢው ውስጥ ሆና ስለሆነ እናቴ በግድ ገባች። ገብታ ስታይ፣ ከማድ ቤቱ አጠገብ ቧንቧ አለ። ካሳሁን ስለ ጥሩምባ ሲያወራ ስለ ቧንቧው መናገር ረስቶ ነበር።

ውሃ ከቦኖ ተሰልፎ ያልቀዳ ሰው ይኼን ላይረዳው ይችላል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በእንስራም በባልዲም ተሰልፋ ኖራለች፤ ለሰልፍ ሌሊት ተነሥታለች፤ በሰልፍ ተጣልታለች፤ በሰልፍ ታርቃለች። ቧንቧውን ቀስ ብላ በጣቷ ነካችው። ከፈተችው። ወረደ። ዘጋችው። ደግሞ ከፈተችው። «የግቢው ብቻ ነው?» አለች። «የግላችሁ ነው እትዬ፤ ሌላ ተከራይ የለም» አለ ካሳሁን። እጇን ታጠበች። እግሯን ታጠበች። ንጹሕ የነበረውን ነጠላዋን ጫፍ አጠበች። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ጆሮዬን ወደ ወንዙ አዙሬ እጠብቃለሁ። አንድም ነገር የለም። ጠበቅሁ፤ ጠበቅሁ። አንድ አህያ ጮኸ፤ ሌላ ምንም። እናቴ ቧንቧውን ዘግታ ቀና አለች።

«ሰማሁት» አለች።

«ምኑን?»

«ጥሩምባውን ነዋ!»

«እማዬ፣ እኔ አልሰማሁም።»

«አንቺ የት ትሰሚያለሽ? ያ የሽመና ማሽን ጆሮሽን ደፍኖታል። ካሳሁን፣ አልሰማህም?»

«እኔማ ጆሮዬን ነው የቀደደው!» አለ ካሳሁን።

ሁለት ለአንድ ሆንኩ። እውነትም ማሽኑ ጆሮዬን ይነካዋልና ራሴን ተጠራጠርኩ። ግቢውን ዘግተን ወጣን፤ ካሳሁን ከፊታችን እየዘለለ ይሄዳል። ድልድዩን ተመልሰን ተሻግረን ወደ ሰፈራችን ዳር ስንደርስ፣ ከወፍጮ ቤቱ በኩል ጥሩምባው ተነፋ። ረጅም ነበር፤ ያቃቂ ወፎች ሁሉ ተነሡ። ሦስታችንም ቀጥ ብለን ቆምን። እኔ እናቴን አየኋት። እናቴ ካሳሁንን አየችው። ካሳሁን እስክሪብቶውን አስተካከለ።

«ደገመው» አለች እናቴ።

«አዎ፣ ደገመው» አለ ካሳሁን።

ኋላ አባቴ እንደነገረን፣ መዘግየቱ የኦቦ ቱሉ ነበር። ጥሩምባውን አፋቸው ላይ ካደረጉ በኋላ ጋሽ ወርቁ እንደምንም ተነሥተው ጋቢ ለብሰው በራፍ ላይ ቆመው ሲያይዋቸው ጊዜ አልነፋም አሉ። «ያ ረቢ! ቢያንስ ተኛ እንጂ! ሟቹ ቆሞ እያየኝ እንዴት እነፋለሁ?» ጋሽ ወርቁ ደግሞ፣ ከተኛሁ የሚመጣው ሰው አይታየኝም ብለው እምቢ አሉ። ሲከራከሩ ቆይተው፣ ጋሽ ወርቁ አልጋቸው ላይ ተኝተው አልጋው ወደ በሩ እንዲዞር ተስማሙ።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቷል፤ ስም ባይጠራም ታሞ የተኛ ሌላ ሰው ስለሌለ ሁሉም ወደ ጋሽ ወርቁ በር መጥቷል። ነጠላውን ያዘቀዘቀ፣ ደረቱን እየመታ የመጣ፣ ድንኳን የተሸከመ ሁሉ ጋሽ ወርቁን አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ተቀምጠው አግኝቶ የሚይዘው ጠፍቶት ቆሟል። እሳቸው አንድ በአንድ ያያሉ። «አየለ መጥተሃል፤ ተባረክ። ወንድምህስ? ቀረ? እሺ፣ ይታወቃል።» አንዲት ሴት ተንሰቅስቃ የጀመረችውን ለቅሶ ማቋረጥ አቅቷት ስቃ ስቃ ደግሞ ታለቅሳለች። አባቴ እናቴን ሲያይ ሰዉን እየገፋ መጣ።

«ተሰማ?»

ሰዉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። የእናቴ እድር፣ የአባቴ በር፣ ያ በላስቲክ የተሸፈነ አልጋ፣ ሁሉም በዚያች መልስ ላይ ተንጠልጥሏል። እናቴም ቀና ብላ፣ «ሁለት ጊዜ» አለች።

«ሁለት ጊዜ?» አለ አየለ። «እኛ የሰማነው አንዴ ነው!»

ሰዉ ወደ ኦቦ ቱሉ ዞረ። ኦቦ ቱሉ እናቴን አዩዋት። የነጠላዋ ጫፍ ገና ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። ጥሩምባቸውን በጨርቁ ቀስ አድርገው ጠቀለሉ።

«የመጀመሪያውን ቀስ አድርጌ ነው የነፋሁት፤ ለትንፋሽ» አሉ። «እናንተ ወሬ ላይ ስለነበራችሁ አልሰማችሁም።»

ጋሽ ወርቁ አልጋቸውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «እንግዲህ እድሩ ይስማ! ወፍጮ ቤቱ ሥር ያለነው ያልሰማነውን ቀስ ያለ ጥሩምባ በላይነሽ ማዶ ሆና ከሰማች፣ ያ ቤት ከሁላችንም ቤት ይቀርባል። ከእድሩ አትወጣም።» ሰዉ አጨበጨበ። ድንኳን የተሸከሙት ድንኳናቸውን አወረዱ። ካሳሁን እዚያው ሁለት ሌሎች ተከራዮች አገኘ።

በሳምንቱ ገባን። ጋሽ ወርቁ ከዚያ በኋላ ከአልጋቸው ተነሥተው ብዙ ዓመት ኖሩ፤ የቀረውን የአየለን ወንድም ሰላምታ ሳይሰጡት። የእውነት ያረፉ ዕለት ጥሩምባው ሲነፋ ግማሹ ሰፈር፣ «ደግሞ ማነው ቤት የሚፈልገው?» ብሎ ተመልሶ ተኛ። ዛሬ ወፍጮ ቤቱ የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ በውይይቱ ፈንታ ባጃጅ ይመላለሳል፤ በብስክሌት የሚመላለሰውም አየር ሌላ አግብቶ ወፍሮ አየሁት።

እኛ ግን በገባን በወሩ ገደማ፣ ገና የሞተ ሰው ባይኖርም፣ ሲሞት ጥሩምባው እንዳያመልጣት እናቴ መጨነቅ ጀምራ ነበር። ሌሊት ሌሊት ተነሥታ ግቢው መሃል ትቆማለች፤ የሚሰማት የቧንቧዋ ጠብታ ብቻ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባ ቤታችንን አናወጠው። አባቴ ከአልጋው ዘሎ ተነሣ። በመስኮቴ ስመለከት ኦቦ ቱሉ ድልድዩን ተሻግረው መጥተው በራችን ላይ ቆመዋል። የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓት ለፈፉ። እናቴ ነጠላዋን ደርባ ሮጣ ወጣችና ዓይናቸውን ማየት ስላቃታት ቧንቧውን ከፈተችላቸው። ፊታቸውን ታጠቡ፤ በእፍኛቸው ጠጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው በሞተ ቁጥር እንዲሁ ሆነ፤ ዝናብም ቢሆን።

አንድ ጠዋት ፎጣ ይዤላቸው ስወጣ ጠየቅኋቸው። «ኦቦ ቱሉ፣ ዙርዎ ወፍጮ ቤቱ ጋ አልነበር የሚያበቃው?»

ጢማቸውን እያደረቁ ወደ ማድ ቤቱ ቃኙ፤ እናቴ ውስጥ ሆና ሳህን የምታጥብ መስላ ትሰማለች።

«ዙሬማ እዚያው ነው ያለው፣ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «የእናትሽ ጆሮ ረጅም ነው፤ እሱ ነው እየጎተተ እዚህ የሚያመጣኝ።»